ሆድ ይፍጀው የተባለ ሕመም

በአማርኛችን ሆድና አንጀት የምግብ ማደሪያ ብቻ አይደሉም፤ የስሜትም ማደሪያ ናቸው። ያዘነ ሰው «ሆዴ ባባ» ይላል፤ የተበሳጨ «አንጀቴ አረረ» ይላል፤ የራራ «አንጀቴ ተላወሰ» ሲል፣ ምኞቱ የሞላለት ደግሞ «አንጀቴ ራሰ» ይላል። ለሰው የማይነገር በደል ወይም ሐዘን የደረሰባት ሴትም «ሆድ ይፍጀው» ብላ ዝም ትላለች። ይህ ሁሉ የቋንቋ ጌጥ ብቻ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በውስጡ ትልቅ እውነት አለው። በአንጎልና በአንጀት መካከል ቀንም ሌሊትም መልእክት እንደሚመላለስ የሕክምና ሳይንስ ካረጋገጠ ቆይቷል። ይህ የመልእክት መሥመር ሲታወክ ሆድ በእርግጥ ይታመማል። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የምንመለከተው ከዚህ መታወክ ጋር የተያያዘውን የአንጀት መቆጣት የተባለ ሕመምና ለማስታገሻው በጥናት የተፈተነውን በሂፕኖሲስ፣ ማለትም በሰመመን የማከም ዘዴ ነው።

«ምንም የለብሽም»

በሚዛን ተፈሪ፣ በአማን፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባሉት የሸኮና የየኪ ገጠሮች የብዙው ቤተሰብ ኑሮ ከቡና፣ ከኮረሪማና ከሌሎች ቅመማ ቅመሞች ጋር የተሳሰረ ነው። እሸት ቡና በሚደርስበት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ እናትም ልጅም ከጥላ ዛፉ ሥር ሲለቅሙ ይውላሉ። አገሩ ዝናበ ብዙ፣ ምድሩ እርጥብ ነው። ከምንጭና ከወንዝ ቀድቶ የሚጠጣው ቤተሰብም ጥቂት አይደለም። ስለዚህ አሜባ፣ ጃርዲያና የሆድ ትላትል ለነዋሪው እንግዳ ስሞች አይደሉም።

በዚህ አገር የምትኖር አንዲት የአራት ልጆች እናት በምሳሌነት እናንሣ። ሆዷን ይቆርጣታል፤ ይነፋታል፤ አንድ ሳምንት ተቅማጥ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ድርቀት ይሆንባታል። ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትመረመር ጃርዲያ ተገኝቶባት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ይሻላታል። ከሁለት ወር በኋላ ሕመሙ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ሳትመረመር ከመድኃኒት ቤት ያንኑ ክኒን ገዝታ ትውጣለች። እንደገናም፣ እንደገናም። በመጨረሻ ጀንፈል ሸጣ ባገኘችው ገንዘብ ሆስፒታል ሄዳ ሰገራዋና ደሟ ሲታይ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል፤ «ምንም የለብሽም» ትባላለች። ቤቷ ስትመለስ ግን ሆዷ እንደ ቀድሞው ያማታል። ባል «አንቺ ሁልጊዜ ታማሚ ነሽ» ማለት ይጀምራል፤ ጎረቤት «የሰው ዓይን ነው» ይላል፤ እሷ ራሷም የሚሰማት ሕመም እውነት መሆኑን መጠራጠር ትጀምራለች።

እንዲህ ያለውን ታሪክ በየመንደሩ የሚያውቁ አንባቢዎቻችን ብዙ እንደሚሆኑ እናምናለን። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ቁም ነገር ይህች ሴት አለመዋሸቷ ነው። ምርመራው ንጹሕ መሆኑ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም።

የሕመሙ ጠባይ

ሐኪሞች በእንግሊዝኛው ምሕፃር አይ ቢ ኤስ የሚሉት የአንጀት መቆጣት ሲታይ አንጀቱ አልቆሰለም፤ ዕጢም አልበቀለበትም። የታወከው አሠራሩ ነው። ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ በሚሠራበት መለኪያ መሠረት ሕመሙ ይህ ነው የሚባለው ባለፉት 3 ወራት ውስጥ በአማካይ በሳምንት ቢያንስ 1 ቀን የሆድ ሕመም ሲኖር፣ ሕመሙም ከመጸዳዳት ጋር ወይም ከሰገራው መብዛት፣ ማነስ፣ መቅጠንና መድረቅ ጋር ሲያያዝ ነው። ችግሩ ከጀመረ ቢያንስ 6 ወር ሊሞላውም ይገባል። በ33 አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ሰፊ ጥናት በዚህ ጥብቅ መለኪያ ከ100 ሰዎች ወደ 4 የሚጠጉት ሕመሙ ተገኝቶባቸዋል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፤ በብዙዎቹ ሴቶች ላይም በወር አበባ ሰሞን ይብሳል።

በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት ይገኛሉ። እነዚህ ነርቮች ምግቡ ወደ ፊት እንዲገፋ፣ ፈሳሹ እንዲመጠን ያዛሉ፤ የሚሆነውንም ለአንጎል ያስታውቃሉ። የጤነኛ ሰው አንጎል አብዛኛውን ወሬ ሰምቶ ያልፈዋል። አንጀቱ የሚቆጣበት ሰው ግን በመጠኑ የተነፋ አንጀት እንኳ እንደ ከባድ ሕመም ይሰማዋል። ሬዲዮ ድምፁ ከመጠን በላይ ሲከፈት የሚሰማው ቃል ያው ሆኖ ጆሮ እንደሚያደነቁር ዓይነት ነው። ጭንቀት፣ ፍርሃትና እንቅልፍ ማጣት ድምፁን ይጨምሩታል፤ ሕመሙም በተራው ጭንቀቱን ያብሰዋል።

ጃርዲያው ሞቶ ሕመሙ ለምን ይቀራል?

ለእኛ አገር ሰው ይህ ጥያቄ ዋና ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በኖርዌይ በርገን ከተማ የቧንቧ ውሃ በጃርዲያ ተበክሎ ብዙ ሕዝብ ታሞ ነበር። ሐኪሞቹ በሽተኞቹን ከ3 ዓመት በኋላ ሲከታተሏቸው፣ በጃርዲያ ታመው ከነበሩት ከ100 ሰዎች 46ቱ የአንጀት መቆጣት ምልክት ታየባቸው። በዚያው ከተማ በጃርዲያ ባልታመሙት ሰዎች ላይ የታየው ግን ከ100ው በ14ቱ ብቻ ነበር። ተሕዋሲው ከሄደ በኋላ አንጀቱ እንደ ተቆጣ፣ ነርቮቹም እንደ ነቁ ቀርተዋል ማለት ነው። እሳቱ ጠፍቶ ፍሙ እንደሚፋጅ ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ውሃን አፍልቶ ወይም አክሞ መጠጣት፣ እጅን በሳሙና መታጠብና በመጸዳጃ ቤት መጠቀም ለዛሬው ተቅማጥ ብቻ ሳይሆን ለነገው የዓመታት ሕመምም መከላከያ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ተሕዋሲ በሌለበት የተሕዋሲ መድኃኒት ደጋግሞ መዋጥ ከጥቅሙ ጉዳቱ የሚያመዝን መሆኑ ነው። ሜትሮኒዳዞልና መሰሎቹ ለአንጀት የሚጠቅሙትንም ጥቃቅን ሕዋሳት ይገድላሉ፤ ያለ ምርመራ መወሰዳቸውም ጀርሞች መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያደርጋል። በዚያ ላይ ለልጆች ደብተርና ልብስ የሚሆነው የቡና ገንዘብ በከንቱ ያልቃል።

አስቀድሞ መመርመር

ይህን ስንል ሆዷን ያመማት ሴት ሁሉ «የነርቭ ነው» ተብላ ትመለስ ማለታችን አይደለም። እንዲያውም ትልቁ አደጋ እዚያ ላይ ነው። ጃርዲያ በአንድ ቀን ሰገራ ላይታይ ስለሚችል ሐኪሙ በተለያዩ ቀናት የሰገራ ምርመራ ሊያዝ ይችላል፤ ይህንንም መፈጸም ይገባል። የጨጓራ ቁስለትና የአንጀት ሳንባ ነቀርሳም በአገራችን ያሉ በሽታዎች ስለሆኑ ሊዘነጉ አይገባም። በተለይም ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ምልክቶች አንዱ የታየባት ሴት ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም መሄድ አለባት፦

1ኛ/ በሰገራ ውስጥ ደም መታየት ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ መጥቆር፤
2ኛ/ ሳይታሰብ ክብደት መቀነስ፤
3ኛ/ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ፤
4ኛ/ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፤
5ኛ/ የደም ማነስ፣ ወይም በሆድ ውስጥ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት፤
6ኛ/ ከቅርብ ቤተሰብ መካከል በአንጀት ካንሰር የታመመ ሰው መኖር።

ዕድሜያቸው 50 ዓመት የሞላቸውና ከዚያም በላይ የሆኑ እናቶች ደግሞ የሆድ መነፋትና ሕመም አዲስ ሆኖ ከጀመራቸው የተለየ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። በዚህ ዕድሜ የአንጀት መቆጣት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ የእንቁላል እጢ ካንሰር አለመሆኑ በምርመራ መረጋገጥ ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ነጻ የሆነችና በሐኪም «የአንጀት መቆጣት ነው» የተባለች ሴት ግን የሕመሟ ስም ታውቋል። ስም ያለው ሕመም ደግሞ መላ አለው። ሐኪሞች በመጀመሪያ የአመጋገብ ምክር፣ እንዲሁም እንደ ሁኔታው የቁርጠት፣ የድርቀት ወይም የተቅማጥ ማስታገሻ ይሰጣሉ። እነዚህ ሳይበቁ ሲቀሩ ከሚታሰቡት መላዎች አንዱ ሂፕኖሲስ ነው።

አፍዝ አደንግዝ አይደለም

ሂፕኖሲስ የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ቶሎ ወደ አእምሮው የሚመጣበት አፍዝ አደንግዝ፣ ወይም በመድረክ ላይ ሰዎችን እያስተኛ የሚያስቅ ትርዒተኛ ነው። ሰመመን ስንልም በቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚሰጠው ማደንዘዣ ይመስለው ይሆናል። ሁለቱም አይደለም። በሕክምና ውስጥ ሂፕኖሲስ ማለት ሰውነት የተዝናናበት፣ ሐሳብ በአንድ ነገር ላይ የተሰበሰበበት፣ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለ የሚመስል ሁኔታ ነው። እሳት ዳር ቁጭ ብላ በሐሳብ የተወሰደች፣ ስትጠራ ቶሎ የማትሰማ፣ ነገር ግን ያልተኛች ሴት በዚህ ሁኔታ አጠገብ ደርሳለች ማለት ይቻላል። ታካሚዋ የሚባለውን ትሰማለች፤ ያልፈለገችውን አታደርግም፤ ስትፈልግ ዓይኗን ገልጣ መነሣት ትችላለች።

ቃሉን በሰፊው ያስተዋወቀው በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ጄምስ ብሬይድ ነው። ብሬይድ እ.ኤ.አ. በ1841 የአንድ ትርዒተኛ ሥራ ከተመለከተ በኋላ ነገሩ የምትሐት ኃይል ሳይሆን የትኩረት ውጤት መሆኑን ተረድቶ፣ በ1843 መጽሐፍ አሳተመ። ስሙንም እንቅልፍ ከሚለው የግሪክ ቃል ወሰደ። የሚያስገርመው፣ ዘዴው ከ140 ዓመት ያህል በኋላ ለአንጀት ሕመም በጥናት የተፈተነው በዚያችው በማንችስተር መሆኑ ነው። ዶክተር ፒተር ሆርዌልና ባልደረቦቻቸው ሕመማቸው የጠናና በሌላ ሕክምና ያልተሻላቸውን 30 በሽተኞች በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ወገን በሰመመን ታከመ፤ ሌላው ወገን የምክር አገልግሎትና ፍቱን ንጥረ ነገር የሌለበት ክኒን አገኘ። ሕክምናው ግማሽ ግማሽ ሰዓት የሚወስድ 7 ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመው ውጤት መሠረት ሁለተኛው ወገን ጥቂት ሲሻለው፣ በሰመመን የታከመው ወገን በሕመሙም በመነፋቱም በሰገራው ሁኔታም ከፍተኛ መሻሻል አሳየ።

ሕክምናው እንዴት ይካሄዳል?

በመጀመሪያ ቀን ባለሙያው አንጀት እንዴት እንደሚሠራና ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ ለታካሚዋ ያስረዳል። ይህ በራሱ ግማሽ መድኃኒት ነው፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ «ካንሰር ይሆን?» እያሉ በፍርሃት የኖሩ ናቸው። ቀጥሎ ታካሚዋ ተመቻችታ ትቀመጣለች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ትንፋሿ ዝግ ይላል። ባለሙያው በለስላሳ ድምፅ ከግንባሯ ጀምሮ እስከ እግሯ ጣት ድረስ ሰውነቷን እንድታላላ ይመራታል። ሐሳቧ ሲሰበሰብ እጇን በሆዷ ላይ እንድታደርግና ከመዳፏ ሙቀት ወደ ውስጥ ሲገባ እንዲሰማት ያደርጋል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምሳሌ ነው። በማንችስተሩ ዘዴ ታካሚዋ አንጀቷን እንደ ወንዝ አድርጋ ታስባለች። ተቅማጥ የሚያስቸግራት ሴት፣ ደፍርሶ የሚጋልበው ወንዝ ቀስ በቀስ ረጋ ብሎ ሲፈስ ታያለች። ድርቀት የሚያስቸግራት ደግሞ በቅጠልና በግንድ የታገደው ውሃ መንገዱን ሲያገኝ ታያለች። ለሚዛንና ለቴፒ ሴት ይህ ምሳሌ ሩቅ አይደለም፤ በቡናው ጥላ ሥር የሚያልፈው ጅረት ከዝናብ በኋላ ሲደፈርስና በማግሥቱ ሲጠራ ዘወትር የምታየው ነው። ባለሙያው የሚመርጠው ምሳሌ ታካሚዋ ከምታውቀው ኑሮ እንዲሆን ይመከራል።

በመጨረሻ ባለሙያው ቁጥር እየቆጠረ ወደ ንቃቷ ይመልሳታል። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ሆኖ ከ7 እስከ 12 ጊዜ ይደጋገማል። በየቤቷም በየቀኑ ትለማመደዋለች፤ ለዚህም የተቀዳ ድምፅ ይሰጣታል። ዋናው ዓላማ ባለሙያው በአንጀቷ ላይ እንዲያዝ ሳይሆን፣ እሷ ራሷ ማዘዝ እንድትማር ነው።

ሰመመን በእውነት አንጀትን ይነካል ወይስ ሕመሙን ማስረሳት ብቻ ነው? ይህም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1992 የሆርዌል ቡድን በ18 በሽተኞች ላይ ባደረገው ሙከራ የትልቁ አንጀት እንቅስቃሴ በመሣሪያ ተለክቶ ነበር። በሰመመን ውስጥ ሳሉ ቁጣ እንዲሰማቸው ሲደረግ የአንጀታቸው እንቅስቃሴ ጨመረ፤ ደስታ እንዲሰማቸው ሲደረግ ደግሞ ቀነሰ። «አንጀቴ አረረ» እና «አንጀቴ ራሰ» ማለት በመሣሪያ ተለካ ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

ውጤቱና ወሰኑ

በማንችስተር ታክመው በተከታታይ የተመዘገቡ 1,000 በሽተኞች ውጤት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም ከ100ው 76ቱ ተሽሏቸው ተገኝተዋል። ቀደም ብሎ በ2003 በታተመ ክትትልም፣ ተሽሏቸው ከነበሩት ከ100ው 81ዱ ከ1 እስከ 5 ዓመትና ከዚያም በላይ ካለፈ በኋላ መሻሻላቸው አልተቀለበሰም። የእንግሊዝ መንግሥት የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ከ2008 ጀምሮ፣ በመድኃኒት 12 ወር ታክመው ላልተሻላቸው ሰዎች ሂፕኖሲስ ከሚታሰቡት ሕክምናዎች አንዱ እንዲሆን መክሯል።

ይሁን እንጂ ሁሉ ይድናል ማለት አይደለም። በኔዘርላንድስ በ354 ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2019 የታተመው ጥናት ውጤቱ መጠነኛ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ በቂ እፎይታ አገኘን ያሉት ከታከሙት ከግማሽ አልበለጡም። ሰመመን ጃርዲያን አይገድልም፤ ቁስልን አይጠግንም፤ ካንሰርን አያስቆምም። ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎችም ያለ አእምሮ ሐኪም ፈቃድ ሊሰጥ አይገባም። «በአንድ ቀን አድንሻለሁ፤ መድኃኒትሽን ጣይ» የሚል ሰው ቢያጋጥም ባለሙያ አለመሆኑን ከዚሁ ማወቅ ይቻላል።

ለቡናው አገር ምን ይጠቅማል?

«ይህ የማንችስተር ወሬ ለሚዛን ሴት ምን ይፈይዳል?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው። በአገራችን ያሉት የአእምሮና የሥነ ልቡና ባለሙያዎች ከሕዝቡ ብዛት አንጻር እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ሂፕኖሲስም በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ሕክምና አይደለም። ነገር ግን ከላይ የጠቀስነው የኔዘርላንድስ ጥናት አንድ ተስፋ ሰጪ ነገር አሳይቷል፤ ይኸውም በቡድን ሆነው የታከሙት ውጤት በነጠላ ከታከሙት አለማነሱ ነው። በዚያው አገር ከ8 እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ባላቸው 260 ልጆች ላይ የተደረገና በ2017 የታተመ ሌላ ጥናትም፣ በቤታቸው የተቀዳ ድምፅ እያዳመጡ የተለማመዱት ልጆች በባለሙያ ፊት ከታከሙት ብዙ ያልራቀ ውጤት ማግኘታቸውን ያመለክታል። ከዓመት በኋላ የተሻላቸው ከ100ው 62 እና 71 ነበሩ። አንድ የሠለጠነ ባለሙያ ብዙ ሴቶችን በአንድ ጊዜ ማከም፣ ድምፁም በየአገሩ ቋንቋ ተቀድቶ በስልክ መዳረስ የሚችል ከሆነ፣ ለቤንች፣ ለሸኮ፣ ለሸካና ለካፋ ሴቶች በየቋንቋቸው የሚናገር ሕክምና ማሰብ ሕልም አይደለም። በሚዛን አማን የሚገኘው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታልም ሆነ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ባለሙያዎችን የሚያፈሩ ተቋማት ናቸውና፣ ነገሩ ሊታሰብበት የሚገባው ከእነሱ ደጅ ነው።

እስከዚያው ድረስ ሕመሟ በሐኪም የተለየላት ሴት በቤቷ ልትሞክረው የምትችለው ቀላል ልምምድ አለ። ይህ ሕክምናው ራሱ አይደለም፤ ከሕክምናው ውስጥ ያለ ባለሙያ ሊሠራ የሚችለው ክፍል ነው።

1ኛ/ በቀን አንድ ጊዜ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ ወይም ማለዳ ከመነሣታቸው በፊት፣ 15 ደቂቃ ያህል ጸጥ ያለ ቦታ መቀመጥ ወይም በጀርባ መተኛት፤
2ኛ/ አንድ እጅን በሆድ ላይ አድርጎ፣ ሆድ እጅን ከፍ እስኪያደርግ በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ ሲያወጡም ካስገቡበት ረዘም ማድረግ፤
3ኛ/ ግንባርን፣ መንጋጋን፣ ትከሻን፣ ሆድን፣ እግርን በተራ ማላላት፤
4ኛ/ የእጁ ሙቀት ወደ ሆድ ሲገባ፣ የደፈረሰውም ጅረት ሲረጋ በሐሳብ መመልከት፤
5ኛ/ ከ1 እስከ 10 ቆጥሮ ቀስ ብሎ መነሣት።

በሁለት ቀን ለውጥ አይጠበቅም፤ በማንችስተርም የሚሰጠው ለሳምንታት ነው። ማንበብ የማትችል እናት ካለች ልጇ ይህን በእርጋታ እያነበበ በስልኩ ሊቀዳላት ይችላል።

ስለ ቡናና ስለ ምግብ

በቡና አገር ስለ ሆድ ተጽፎ ቡና ሳይነሣ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1990 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቡና ሲጠጡ ወደ መጸዳጃ የሚያስነሣቸው ሰዎች ላይ የትልቁ አንጀት መጨረሻ እንቅስቃሴ ቡናው በተጠጣ በ4 ደቂቃ ውስጥ ይጨምራል። ካፌይኑ የወጣለት ቡና እንኳ ይህንኑ አድርጓል። ሙቅ ውሃ ግን ይህን አላደረገም። ስለዚህ ተቅማጥ የሚያይልባት ሴት በባዶ ሆድ ባትጠጣ ይመረጣል። ቀደም ብለን የጠቀስነው የእንግሊዝ መመሪያ አንጀቱ የሚቆጣበት ሰው ቡናና ሻይን በቀን በ3 ስኒ እንዲወስን ይመክራል። ይህም አቦል፣ ቶናና በረካ መሆኑ ነው፤ ነገር ግን በቀን አንድ ጊዜ እንጂ በየጎረቤቱ ቤት እየዞሩ አይደለም። ከቡና ቅጠል የሚፈላውና በሚጥሚጣ፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት የሚቀመመው ጨሞም የሚያቃጥለው ቅመም ለእሷ ቢቀነስላት ከቤተሰቧ ጋር እንደ ወትሮዋ ትጠጣለች።

ከዚህም ሌላ በሰዓቱ መብላት ይጠቅማል። እናት ባልንና ልጆችን አብልታ፣ ቀኑን ሙሉ ቡና ስትለቅም ውላ፣ ማታ አንድ ጊዜ አብዝታ ብትበላ አንጀቷ ይቆጣል። የትኛው ምግብ እንደሚያሳምማት ለማወቅ የበላችውንና የተሰማትን ለሁለት ሳምንት ማስታወስ ወይም ማስጻፍ በቂ ነው። ነገር ግን በጥርጣሬ ብቻ ምግብን አንድ በአንድ እየተዉ ሰውነትን ማጎሳቆል አይገባም።

ከቤተሰብና ከአሠሪ የሚጠበቅ

የዚህ ሕመም ግማሹ ሸክም ዝምታ ነው። ስለ ሰገራ መናገር ነውር ስለሚመስል ሴት ለባሏም ለሐኪሟም የምትነግረው ግማሹን ነው። ባል ሚስቱ ስትታመም «ተመርምረሽ ነጻ ወጥተሻል እኮ» ከማለት ይልቅ «ዛሬስ እንዴት ዋልሽ?» ብሎ ቢጠይቃት፣ በልምምዷ ሰዓት ልጆቹን ቢይዝላት፣ ወደ ሐኪም አብሯት ቢሄድ የሕክምናው ተካፋይ ይሆናል። ሐኪሙም «ምንም የለብሽም» በሚለው ፈንታ «አደገኛ በሽታ የለብሽም፤ ሕመምሽ ግን እውነት ነው፤ ስሙም ይህ ነው» ቢላት በሁለቱ አነጋገር መካከል ያለው ልዩነት ለታካሚዋ የሰማይና የምድር ያህል ነው።

በቡና ልማት የተሠማሩ አሠሪዎችም አንድ ድርሻ አላቸው። ቀኑን ሙሉ በተክሉ ውስጥ የምትውል ለቃሚ ንጹሕ ውሃና በር ያለው መጸዳጃ በአቅራቢያዋ ካላገኘች ወይ ይዛ ትውላለች፣ ወይ ሳትበላና ሳትጠጣ ትሠራለች። አንጀቱ ለሚቆጣበት ሰው ደግሞ መጸዳጃ በቅርብ አለመኖሩ ራሱ ጭንቀት፣ ጭንቀቱም ራሱ ሕመም ነው። በየለቀማ ጣቢያው የሚቆፈር አንድ ጉድጓድና የሚተከል አንድ በር ከብዙ ክኒን ይበልጣል።

ውድ እህቶችና እናቶች፣ ሆዳችሁን ለወራት ካመማችሁ ያለ ምርመራ ክኒን መግዛታችሁን አቁሙ። መጀመሪያ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አነጋግሩ፤ ከዚያ በጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም በሚዛን አማን ወይም በቴፒ ሆስፒታል ተመርመሩ። ምልክቶቻችሁን ሳታፍሩ፣ መቼ እንደጀመረና ስንት ጊዜ መድኃኒት እንደወሰዳችሁ ጭምር ተናገሩ። ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ከቀጠለም «የአንጀት መቆጣት ይሆን?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብታችሁ ነው።